አርእስቱ እውነት ቢሆን ኖሮ

ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሁሉ አርእስት ያነባል፤ አርእስት የሚያነብ ሰው ሁሉ ግን ጋዜጣ አያነብም። ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ድሮ ሰው በጋዜጣ ሻጩ ልጅ ክንድ ላይ የተደረደረውን የፊት ገጽ አየት አድርጎ፣ ሳንቲሙን ከኪሱ ሳያወጣ ያልፍ ነበር። ዛሬም በእጅ ስልኩ ላይ አንዲት መሥመር ተመልክቶ ለወዳጆቹ ሁሉ ይልክና ወደ ሥራው ይመለሳል። የተላከለትም ሰው እንደዚሁ ያደርጋል። ማታ ሲገናኙ ሁለቱ ስለ ነገሩ አጥብቀው ይከራከራሉ፤ ጽሑፉን ግን ከሁለቱ አንዱም አላየውም።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። እኛም በዛሬው ገጻችን በጋዜጣ ታሪክ የታወቁትን አንዳንድ ያረጁ አርእስቶች አንሥተን መላ ልንጨምርባቸው አሰብን። መላችንም ቀላል ነው፤ አርእስቱን ሙሉ በሙሉ እናምነውና በማግሥቱ ጠዋት ምን ይከተል እንደ ነበር እንጠይቃለን። እውነተኛ ወሬ አንድ ቀን ወደ ፊት ቢያስኬዱት ይራመዳል፤ ያልበሰለው ግን ከደጃፉ ሳይወጣ ይደናቀፋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው የ«ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን» አርእስት ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 1948 አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ወጡ። በአንድ ወገን በሥልጣን ላይ የነበሩት ሃሪ ትሩማን፣ በሌላው ወገን የኒው ዮርክ ግዛት ገዥ ቶማስ ዲዊ ነበሩ። የሕዝብን አስተያየት የሚሰበስቡት ድርጅቶች ዲዊ እንደሚያሸንፉ አስቀድመው ተናግረዋል፤ እንዲያውም ነገሩ ያለቀ ነው በማለት የምርጫው ቀን ሳይደርስ ሕዝቡን መጠየቅ የተዉም ነበሩ። በትሪቢዩን ማተሚያ ቤት ደግሞ ፊደል ለቃሚዎቹ ሥራ በማቆም አድማ ላይ ስለ ነበሩ፣ ጋዜጣው ከወትሮው ብዙ ሰዓት ቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት። ድምፁ ተቆጥሮ እስኪያልቅ መጠበቅ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ አዘጋጆቹ በዋሺንግተን የተቀመጠውን የብዙ ዘመን ዘጋቢያቸውን ግምት አምነው፣ በኖቬምበር 3 ቀን እትም ላይ «ዲዊ ትሩማንን ድል አደረገ» ብለው በትልቁ አወጡ። ቅጂው 150,000 ያህል ነበር። ድምፁ ተቆጥሮ ሲያበቃ ትሩማን በወኪሎች ድምፅ 303 ለ189 አሸንፈው ተገኙ።

እንግዲህ ዲዊ ይህን ጋዜጣ አምነው ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ወደ ዋሺንግተን ሄዱ እንበል። በነጩ ቤት በር ላይ ዘበኛው ያስቆማቸዋል።

«ጌታዬ፣ በምን ጉዳይ መጡ?»

«ተመርጬ ነው።»

«ማን ነገረዎት?»

«ጋዜጣ።»

ዘበኛውም ጋዜጣ የሚያከብር ሰው ነውና በሩን ይከፍትላቸዋል። አሁን የምንናገረው ግን ሐሳብ ሳይሆን የታሪክ እውነት ነው፤ በዚያን ወቅት ነጩ ቤት ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። የትሩማን ልጅ የምትጫወትበት የፒያኖ እግር ወለሉን በስቶ ወርዶ፣ መሐንዲሶች ቤቱን መርምረው ሰው ሊኖርበት አይገባም ብለው ፈርደው ነበር። ትሩማን ከምርጫው በኋላ ከነቤተ ሰባቸው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ብሌር ሃውስ ወደሚባል ቤት ገቡ፤ ጥገናውም ያለቀው በ1952 ነው። ስለዚህ አዲሱ የጋዜጣ ፕሬዚዳንት ሲገቡ የሚያገኙት ባዶ አዳራሽ፣ የተነቀለ ጣውላና «ይህን ምሰሶ የት እናድርገው?» የሚሉ አናጢዎችን ነው። እሳቸውም በሥልጣናቸው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ምሰሶው ባለበት ይቆይ። እውነተኛው ፕሬዚዳንት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ በመስኮት ሆነው ይመለከቷቸዋል። ድምፅ የሌለው ፕሬዚዳንት ወለል የሌለው ቤት ቢያገኝ ሚዛኑ ተጠበቀ እንጂ ምን ይባላል?

እኛን ይበልጥ የሚያሳዝነን ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነው። ይህን ሰው ራሳችን ፈጠርነው፤ ነገር ግን ዘመዶቹ በየአገሩ ብዙ ናቸው። ጠዋት ጋዜጣውን እንዳየ ከሁሉ ቀድሞ ወንበር ላይ ወጥቶ የትሩማንን ፎቶግራፍ ያወርዳል፤ የዲዊን ይሰቅላል። እግረ መንገዱንም የመልካም ምኞት ቴሌግራም ይልካል፤ ዝምድና እንዳለውም በቴሌግራሙ መጨረሻ በትሕትና ያስታውሳል። እኩለ ቀን ላይ ራዲዮኑ ሌላ ሲናገር ፎቶግራፉን መልሶ ይሰቅላል። ቴሌግራሙ ግን አይመለስም። ግድግዳውም ላይ ሁለተኛው የሚስማር ቀዳዳ ይቀራል፤ አለቃው በገባ በወጣ ቁጥር ያየዋል።

ትሩማን ራሳቸው በዚያች ሌሊት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በልተው በጊዜ ተኝተው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በሴይንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ ያንን ጋዜጣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እየሳቁ ፎቶግራፍ ተነሡ። ጋዜጣው ትክክል ሆኖ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በአማርኛ «ዲዊ አሸነፈ» የሚለውን «ዲዊ ተሸነፈ» ለማድረግ አንድ ፊደል ብቻ መለወጥ ይበቃል። ፊደል ለቃሚው «አ»ን አንሥቶ «ተ»ን ቢያኖር ታሪክ ተቃና ማለት ነው። ደግሞም በእኛ አነጋገር ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ማን ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መሥመሩን እስከ ዳር መጨረስ ግድ ነው። ቋንቋው ራሱ ታገሥ ይላል። ይህም ሆኖ የእኛ አንባቢ ከሌላው ይልቅ ታጋሽ ሆኗል ለማለት አንደፍርም።

የትሪቢዩን ነገር ከተፈጸመ 68 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ አሜሪካኖች እንደገና ለምርጫ ወጡ። ያን ጊዜም ግምቱ ሁሉ ወደ ሂላሪ ክሊንተን ያዘነበለ ስለ ነበረ፣ በ«ኒውስዊክ» መጽሔት ስም የተዘጋጀ፣ እሳቸውን «እመቤት ፕሬዚዳንት» የሚል ልዩ እትም ቀድሞ ታትሞ ተሠራጨ። ያሸነፉት ዶናልድ ትራምፕ ሆኑና የተላከው 125,000 ቅጂ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። እዚህ ላይ የምናስበው መጋዘኑን ነው። ጠባቂው በማለዳ በሩን ሲከፍት እስከ ጣሪያ የተቆለለ፣ በዚህ ዓለም ያልሆነ መንግሥት ታሪክ ያገኛል። ያሸነፉት ሰው በ1948 ጋዜጣ በተመረጡት ሰው ላይ የደረሰውን ያውቁ እንደ ሆነ አናውቅም እንጂ፣ መጋዘኑን ለዲዊ ቢያከራዩላቸው ተስማሚ ቤት በሆነ ነበር።

አንባቢ እንደሚያየው የእነዚህ ሁለት አርእስቶች ስሕተት የመረጃ ማጣት አይደለም። መረጃው ሞልቶ ነበር። ስሕተቱ «ይሆናል» የሚለውን «ሆነ» ብሎ መጻፉ ነው።

ሌላው ዓይነት ስሕተት ደግሞ «አልሆነም» የሚለውን «አይሆንም» ብሎ መጻፍ ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው «ኒው ዮርክ ታይምስ» ኦክቶበር 9 ቀን 1903 «የማይበሩት የመብረሪያ መኪናዎች» በሚል አርእስት ያወጣው ርእሰ አንቀጽ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ሳሙኤል ላንግሊ የሚባሉት የታወቁ ሊቅ የሠሩት የመብረሪያ መኪና በሰው ሁሉ ፊት ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ነበር። ጋዜጣውም ይህን አይቶ፣ በእውነት የሚበር መኪና ለመሥራት የሒሳብና የመካኒክ ዐዋቂዎች ተባብረው ቢደክሙ ከአንድ ሚሊዮን እስከ ዐሥር ሚሊዮን ዓመት ይፈጅባቸዋል ብሎ ገመተ።

ኦርቪልና ዊልበር ራይት፣ በኦሃዮ ግዛት ብስክሌት ሠሪ የነበሩት ወንድማማቾች፣ ሕግ አክባሪ ዜጎች ሆነው ለዚህ ግምት ታዘዙ እንበል። መጀመሪያ ለጋዜጣው በአክብሮት ይጽፋሉ። «የተወሰነልን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ነው ወይስ ዐሥር? የዘጠኝ ሚሊዮን ዓመት ልዩነት ስላለበት ለሥራ ፕላናችን አስቸግሮናል።» ጋዜጣው ጉዳዩን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይመራዋል። መሥሪያ ቤቱም መዝገብ ይከፍታል፤ ቁጥር ይሰጣል፤ ማኅተም ይመታል። ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ማለት የለመደው ጸሐፊ እንኳ በዚህ ቀጠሮ ርዝመት ይደነግጣል። እሱ ጡረታ ሲወጣ መዝገቡን ለሚተካው በፊርማ ያስረክባል፤ ያም ለሚቀጥለው። ከአራት መቶ ሺሕ ዓመት በኋላ አንድ ትጉህ መዝገብ ቤት፣ ገጽ ሰባት ላይ ማኅተም እንደ ጎደለ ያገኝና ጉዳዩ እንደ አዲስ ይጀመር ብሎ ይወስናል። የእኛም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፕሪል 1946 የመጀመሪያ ጉዞውን ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ ማድረጉ ቀርቶ፣ ተሳፋሪዎቹ እስከ ዛሬ ዓባይን ተከትለው በበቅሎ እየወረዱ ይሆናል። የበቅሎ ትኬት አንደኛ ማዕርግ ይኑረው አይኑረው እዚያው መንገድ ላይ ይወሰናል።

ወንድማማቾቹ ግን ከከተማ ርቀው በሰሜን ካሮላይና ባሕር ዳር፣ አሸዋ ላይ ሰፍረው መኪናቸውን ያበጁ ነበር። ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ኦርቪል ለ12 ሰከንድ 36 ሜትር ያህል በረረ። ከርእሰ አንቀጹ የተቈጠረው 69 ቀን ነው። በዚያው ቀን በአራተኛው ሙከራ ዊልበር 59 ሰከንድ አየር ላይ ቆየ። ርእሰ አንቀጹን የጻፈው ሰው ውሸት አልጻፈም፤ የላንግሊ መኪና በእርግጥ ወድቋል። አንዱ ወደቀ ከሚለው ተነሥቶ ሁሉም ይወድቃል ወደሚለው ሲሻገር ግን ድልድዩን አልመረመረም። ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በፈተና ላይ ይህን ቢያደርጉ አስተማሪያቸው በቀይ ቀለም ያሰምርበታል።

ከዚህም ሌላ ጋዜጣው እውነቱን ተናግሮ አንባቢው ያልሰማበት ጊዜ አለ። ኖቬምበር 9 ቀን 1874 «ኒው ዮርክ ሄራልድ» በከተማው በሴንትራል ፓርክ የሚጠበቁት አራዊት ሁሉ በረታቸውን ሰብረው እንደ ወጡ፣ ብዙ ሰው እንደ ገደሉና ገና በየመንገዱ እንደሚዞሩ በሚያስፈራ አርእስት ጻፈ። ጽሑፉ ረጅም ነበር። በመጨረሻውም አንቀጽ ላይ ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው፣ አንዲቱም ቃል እውነት አይደለችም፣ ነገር ግን የአራዊቱ ቤት ጥበቃ ስለ ላላ እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ ይችላል ብሎ ገለጸ። እስከዚያ አንቀጽ የደረሰ አንባቢ ስንት ነው? ብዙ ሰው እመሐሉ ላይ ሲደርስ ደንግጦ በሩን ዘግቷል።

በዚያ ጠዋት ከቢሮ የቀረውን ሠራተኛ አስቡት። ጠቢቡ ሰሎሞን በሰነፍ ሰው አፍ ያኖረው ምክንያት፣ ይኸውም አንበሳ መንገድ ላይ አለ የሚለው፣ ከዚያች ቀን በፊት የጽሑፍ ማስረጃ ኖሮት አያውቅም። አሁን ግን ሠራተኛው ጋዜጣውን ቈርጦ ከፈቃድ መጠየቂያው ጋር ያያይዘዋል። አለቃውም የመጨረሻውን አንቀጽ ስላላነበበ የሦስት ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ራሱም አምስት ቀን ይወስዳል፤ የአለቃ ደም ለአንበሳ ይበልጥ ይጣፍጣልና።

ይህ የድሮ ሰው የዋህነት ነው የሚል ቢኖር፣ ጁን 28 ቀን 2012 የሆነውን እንንገረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድን ሕግ ላይ ፍርዱን ሰጠ። ፍርዱ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሕጉ በንግድ ሥልጣን ሊደገፍ አይችልም ይላል፤ ወረድ ብሎ ግን በግብር ሥልጣን ሊቆም ይችላልና ይጽና ይላል። ሲ ኤን ኤንና ፎክስ ኒውስ የሚባሉት ታላላቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የላይኛውን ብቻ አይተው ሕጉ ፈረሰ ብለው ለዓለም አወጁ። ፕሬዚዳንቱም ቴሌቪዥን እየተመለከቱ ስለ ነበር፣ የሕግ አማካሪያቸው መጥታ እውነቱን እስክትነግራቸው ድረስ የፈረሰውን ሕጋቸውን ለጥቂት ደቂቃ ሲያዝኑለት ቆዩ። እንግዲህ ወሬ ለመናገር ደመወዝ የሚቀበል ሰው ገጹን ካልገለጠ፣ ለማንበብ ከኪሱ የሚከፍለው ምን ይባላል?

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነገሩ የጋዜጣ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታያቸው አንድ ምሳሌ እንጨምር። አንድ ሪፖርት ለአለቃ ቀረበ እንበል። አርእስቱ «የመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ሥራ ተጠናቀቀ» ይላል። አለቃው አርእስቱን አይቶ ይፈርምና ለበላይ ያስተላልፋል፤ የበላይም ለበላዩ። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወረቀቱ እየሳሳ፣ አርእስቱ እየወፈረ ይሄዳል። በአራተኛው ገጽ ላይ ግን የተጠናቀቀው ጥናቱ እንደ ሆነ፣ የመቆፈሪያው መኪና ገና እንደሚጠበቅ ተጽፏል። አሁን ይህን አርእስት አንድ ቀን ወደ ፊት እናስኪደው። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት እናት ጀሪካኗን አዝላ ተጠናቀቀ ወደ ተባለው ጉድጓድ ትሄዳለች። እዚያ የምታገኘው አንድ ካስማና በካስማው ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ነው። ካስማው ውሃ አይቀዳም። ወደ ድሮው ወንዝ ስትመለስ ፀሐይ ወጥቷል፤ ልጅዋም ከትምህርት ቤት ቀርቷል።

በእነዚህ አርእስቶች እስከ አሁን የሳቅነው ማንም ስላልሞተባቸው ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ዩናይትድ ፕሬስ የተባለው የወሬ ድርጅት አንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ፣ የጦርነት ማቆም ውል ተፈረመ ብሎ ከፈረንሳይ አገር በቴሌግራም አስተላለፈ። የአሜሪካ ጋዜጦች በትልልቅ ፊደል አወጡት። በኒው ዮርክ ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ደወል ተደወለ፤ ከየፎቁ ወረቀት እንደ በረዶ ዘነበ። ውሉ በእውነት የተፈረመው ግን ከአራት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 11 ቀን ነው።

በምሽግ ውስጥ ያለ አንድ ወታደር ያ ጋዜጣ በተአምር በዚያው ቀን እጁ ገባ ብለን እናስብ። ጠመንጃውን ጠርጎ ያስቀምጥና ለመቶ አለቃው ሰላምታ ይሰጣል። «ጋዜጣው አሰናብቶኛል» ይላል። መቶ አለቃውም አንብቦ ያስብና፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ጠላት ይህን ጋዜጣ ይከታተል እንደ ሆነ ይጠይቃል። ጠላት እንግሊዝኛ አያነብም። መድፉም ይቀጥላል። እስከዚህ ድረስ መቀለድ ይቻላል። ነገር ግን በእነዚያ አራት ቀኖች፣ በመጨረሻውም ቀን ጠዋት ሳይቀር፣ በጦር ግንባር ሰው ይሞት ነበር። ኖቬምበር 7 ቀን በደስታ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትጨፍር የዋለች አንዲት እናት፣ በኋላ የልጅዋ የሞት ማስታወቂያ ሲደርሳት ቀኑ ኖቬምበር 9 የሚል ሆኖ አገኘችው ብለን ብናስብ፣ ይህ ፈጠራችን ከእውነቱ ብዙ የሚርቅ አይመስለንም። ያን ቀኑን ደጋግማ ታነበዋለች። ማን ስሕተት ሠራ ብላ ትጠይቅ ይሆናል፤ ጋዜጣው ነው ወይስ ማስታወቂያው?

በአፕሪል 1912 የኒው ዮርክ «ኢቭኒንግ ሰን» ስለ ታይታኒክ መርከብ «ሁሉም ዳኑ» ብሎ ማውጣቱን እንጠቅሳለን፤ ከ1,500 በላይ ሰው በበረዶው ባሕር ሞቷል። በዚህኛው ላይ ምንም ነገር ልናስብ አንፈልግም።

ወደ ኒው ዮርክ ታይምስ እንመለስና የፕሮፌሰር ሮበርት ጎዳርድን ጉዳይ እንጨርስ። ጎዳርድ ሮኬት ወደ ጨረቃ ሊላክ እንደሚችል ስለ ጻፉ፣ ጋዜጣው ጃንዋሪ 13 ቀን 1920 ተሳለቀባቸው። አየር በሌለበት ቦታ ሮኬት የሚገፋው ነገር ስለማያገኝ ሊሄድ አይችልም፤ ፕሮፌሰሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚታደለውን ዕውቀት ያጡ ይመስላል አለ። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሮኬት የሚገፋው አየርን አይደለም፤ ከኋላው የሚተፋው የራሱ ጋዝ ነው በአጸፋው ወደ ፊት የሚሰደው። ይህንንም ኒውተን የጻፈው ጋዜጣው ከመቋቋሙ በፊት ነው።

አርእስቱ ተፈጻሚ ቢሆን ኖሮ ፕሮፌሰሩ ዩኒፎርም ለብሰው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። በፈተና ቀን አጠገባቸው ያለው ተማሪ አንገቱን አስግጎ ከእሳቸው ይቀዳል፤ መልሱ ትክክል ስለሆነም ሁለቱም ይወድቃሉ፤ አራሚው ጋዜጠኛው ነውና። ወላጅ አምጡ ይባላሉ። ዘበኛው ግን በኪሳቸው ባሩድ ስለሚያገኝ ወደ ግቢ መግባታቸው ያጠራጥራል።

እሳቸው ጋዜጣውን ትተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ማርች 16 ቀን 1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሮኬት ለቀቁ፤ ሁለት ሰከንድ ተኩል በረረ፤ ከፍታው 12 ሜትር ያህል ነበር። በ1945 ዐረፉ። ከሞቱ ከ24 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 16 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ተነሣ። በማግሥቱ ኒው ዮርክ ታይምስ በውስጥ ገጽ አጭር ማስተካከያ አወጣ፤ ሮኬት አየር በሌለበትም እንደሚሠራ አሁን በእርግጥ ስለ ታወቀ ጋዜጣው በስሕተቱ ያዝናል የሚል ነው። ስድቡ አንድ ጠዋት ወጥቶ በዚያው ዕለት ከተማውን አዳረሰ፤ ማስተካከያው 49 ዓመት ተጓዘ። ሦስቱ ሰዎች ግን የዕለቱን ጋዜጣ ሳይጠብቁ ተሳፍረው፣ ያን ጊዜ አየር በሌለበት ቦታ ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ።